ከራማ፣ ኪታብና ገበያ፦ የሃይማኖት መምህራን በጅማ ምድር

በ19ኛው መቶ ዘመን የመጀመሪያ ዓመታት ከጊቤ ማዶ አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ፤ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማ፣ ጌራና ጅማ። ወደነዚህ አገሮች አዲስ ትምህርት ይዘው የገቡት ሰዎች አብዛኞቹ ለማስተማር ብለው የተነሡ አልነበሩም። ጀበርቲ የሚባሉት የሰሜን ሙስሊም ነጋዴዎች አሞሌ ጨው፣ ጨርቅና ዶቃ ጭነው ይወርዱ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ቡናና ባሪያ ይዘው ይመለሱ ነበር። መንገዱ ሩቅ፣ ክረምቱም ከባድ ስለሆነ በየገበያው ዳር ሰፈሩ፤ ሚስት አገቡ፤ መስገጃ ከለሉ። መንደራቸው «መንደራ» ተባለ። ዛሬ የጅማ ከተማ ቀበሌዎች ሲቆጠሩ ከጊንጆ ጉዱሩና ከቦሳ ኪቶ ጎን መንደራ ቆጪ፣ ሂርማታ መርካቶና ጅሬን የሚሉት ስሞች ይነሣሉ። ጅሬን የንጉሡ መቀመጫ፣ ሂርማታ ትልቁ ገበያ፣ መንደራ የነጋዴው ሰፈር ነበር። የጅማን የሃይማኖት ታሪክ ለሚመረምር ሰው ሦስቱን ስሞች አንድ ላይ ማንበብ ጥሩ መነሻ ነው፤ በዚህ ምድር የአንድ መምህር ቃል የተሰማውም የተረሳውም አብዛኛውን ጊዜ በቤተ መንግሥቱና በገበያው መካከል ነውና። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነጋዴው ከሸቀጡ ሌላ አንድ ነገር ነበረው፤ መጻፍ ይችላል። ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሒሳብ ይይዛል፣ ለታመመ ሰው ከቁርኣን አንቀጽ ገልብጦ በቆዳ ሰፍቶ በአንገት የሚንጠለጠል ክታብ ያዘጋጃል። ሙስሊሙ መጽሐፍን «ኪታብ» ሲል፣ አማርኛ በአንገት የሚታሰረውን «ክታብ» ይለዋል፤ የሁለቱም ሥር ጽሕፈት ነው። በጊቤ አገር ሰው ከእስልምና ጋር መጀመሪያ የተዋወቀው ከሁለተኛው በኩል ይመስላል። በደብተራው አገርም ነገሩ ከዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም።

ከእስልምና በፊት የነበረው ሥርዓት ባዶ ሜዳ አልነበረም። የሜጫ ኦሮሞ ዋቃን ያመልካል፤ ቃሉ የሚባለው የሃይማኖት አባት በዘር የሚወርድ ክብር ነበረው፤ በየስምንት ዓመቱም «ጂላ» የሚባሉ መልእክተኞች ወደ ደቡብ ምሥራቅ ረጅም መንገድ ተጉዘው ከአባ ሙዳ ቡራኬ ይቀበሉ ነበር። ከዚህ ጎን ለጎን አያና ወይም መንፈስ ወርዶብኛል የሚል፣ በተወሰነ ሌሊት ተከታይ ሰብስቦ ከበሮ እያስመታ የሚተነብይ ሰውም ነበር። አማርኛ ሁለቱንም በአንድ «ቃልቻ» በሚል ቃል ጠቅልሎ ስድብ ማድረጉ ለታሪክ ጸሐፊ ችግር ፈጥሯል። የመጀመሪያው ሥልጣን ከትውልድና ከሥርዓት የሚመጣ ነው፤ ማን እንደሆነ ጎሳው ያውቀዋል። የሁለተኛው ሥልጣን ግን በአንድ ሰው ቃል ላይ ብቻ የቆመ ነው፤ መንፈሱ መውረዱን የሚመሰክረው የወረደበት ሰው ራሱ ነው። የጊቤ ነገሥታት እየበረቱና የገዳ ሥርዓት እየተዳከመ ሲሄድ ወደ አባ ሙዳ የሚደረገው ጉዞ ቀረ፤ መንገደኛው ፊቱን ወደ መካ አዞረ። በመንፈስ የሚናገረው ሰው ግን አልጠፋም። ጁምዓ መስጊድ የሚሰግድ ሰው ልጁ ሲታመምበት ማታ ወደ እርሱ መሄዱን አልተወም።

የጅማ ነገሥታት መስለም የሚነገረው በአንድ ሰው ስም ነው። የአባ ጅፋር ቀዳማዊ (1830–1855) መምህር ከጎንደር የመጣ አብዱል ሐኪም የሚባል ነጋዴ ነበር ይባላል። በጅሬን ሰፈረ፣ ንጉሡን አሰለመ፣ ንጉሡ ሲሰልም አገሩ ተከተለ። ታሪኩ አጭርና ያማረ ነው፤ ስለዚህም መመርመር ያስፈልገዋል። መጀመሪያ ነገር፣ አባ ጅፋር ሲነግሥ ጎማና ሊሙ ውስጥ ሙስሊም ነጋዴና ሙስሊም ባለሥልጣን ስለነበሩ እስልምና በጅማ አዲስ ወሬ አልነበረም። ሁለተኛ፣ አባ ጅፋር የጎሳ አለቆችን አስገብሮ መንግሥት ያቆመ ተዋጊ ነው። በገዳ ሕግ አንድ ሰው ከስምንት ዓመት በላይ ሊገዛ አይገባም፤ ለልጁም አያወርስም። ይህን ሕግ ለሚጥስ ገዥ ሥልጣንን ከሌላ ምንጭ የሚያቀርብ ሃይማኖት ትልቅ ጥቅም ነበረው። ሦስተኛ፣ የሂርማታ ገበያ ቀረጥ ከነጋዴ ይገባል፤ ነጋዴውም ከሙስሊም ንጉሥ ጥላ ሥር መሆን ይመርጣል። ስለ ጊቤ ኦሮሞ ታሪክ የጻፈው መሐመድ ሐሰን የነገሥታቱን መስለም ከንግዱና ከነገሥታቱ ፍላጎት ጋር አያይዞ ያየዋል። ይህ ሲባል አብዱል ሐኪም ፈጠራ ነው ማለት አይደለም። ብዙ እጅ የሠራው ሥራ በአንድ መምህር ስም መጠራቱ የሃይማኖት ታሪክ ሁሉ ልማድ ነው፤ በጅማም የሆነው ይኸው ነው።

የጎማ ታሪክ ደግሞ ይባስ ረቀቅ ያለ ነው። ዛሬ አጋሮን ይዞ በቡናው የሚታወቀው የጎማ አገር ነገሥታት ዘራቸውን ኑር ሁሴን ወይም ዋሪኮ ከሚባል፣ ከመቃዲሾ መጣ ከተባለ ቅዱስ ሰው ይቆጥሩ ነበር። ዘሩም «አውሊያኒ» ተባለ፤ «አውሊያ» ከሚለው የዓረብኛ ቃል የወጣ ነው። ኑር ሁሴን ግን በኢትዮጵያ ሙስሊሞች ዘንድ የታወቀ ስም ነው፤ በባሌ ድሬ የተቀበሩት የሼኽ ሁሴን መጠሪያ ነው። በሩቅ አገር የከበረ ስም በነገሥታት የዘር ሐረግ መነሻ ላይ ሲገኝ፣ የሰው ጉዞ ነው ወይስ የስም ጉዞ ብሎ መጠየቅ ይገባል። የሸዋ ነገሥታት ከሰሎሞን፣ የጎማ ነገሥታት ከመቃዲሾ ወሊይ መወለዳቸው አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራል፤ ገባሪው «ይህ ሰው ለምን ገዛኝ» ብሎ እንዳይጠይቅ ያደርጋል።

ከአባ ጅፋር ቀዳማዊ በኋላ አባ ረቡ ጥቂት ዓመታት ገዛ። ከ1859 እስከ 1862 የነገሠው አባ ቦካ ዘመኑ አጭር ቢሆንም በየአውራጃው መስጊድ እንዲሠራ በማዘዙ ስሙ ይነሣል። እስልምና ከቤተ መንግሥትና ከመንደራ ወጥቶ ወደ ገበሬው የደረሰው ከዚህ በኋላ ነው። የንጉሥ ትእዛዝ መስጊድ ያሠራል፤ የገበሬውን ልብ ምን ያህል እንደሠራ ግን የሚያሳየው የኋላው ዘመን ነው።

በዚሁ ዘመን ሌላ መምህር ከሌላ አቅጣጫ መጣ። ጣሊያናዊው ካቶሊክ ጉሊየልሞ ማሳያ በ1846 የኦሮሞ ምድር ሐዋርያዊ እንደራሴ ሆኖ ተሾመ። ወደተሾመበት አገር ለመድረስ ስድስት ዓመት ፈጀበት፤ በ1852 መጨረሻ ጉድሩ ውስጥ አሰንዳቦ ገበያ ገባ። የአገሩ ሰው «አቡነ መስያስ» አለው። ከጉድሩ ወደ ሊሙ እናርያ፣ ወደ ከፋና ወደ ጌራ ካህናት ላከ፤ እርሱም ከፋ ገብቶ በ1861 ተባረረ። ጓደኛው ሊዮን ዴዛቫንሼ ጌራ ውስጥ በ1879 ሞተ። በዚያው ዓመት ዐፄ ዮሐንስ ማሳያን ከኢትዮጵያ አስወጡት።

የማሳያ ትልቁ ዝና በስብከቱ አልመጣም። የፈንጣጣ ክትባት ያውቅ ነበር፤ በደረሰበት ሁሉ ሕፃንም ሽማግሌም ይከትባል። ሕዝቡ «የፈንጣጣ አባት» ብሎ ስም አወጣለት። ይህ ስም ከብዙ የሚሲዮን ዘገባ ይልቅ እውነቱን ይናገራል። ሰው ወደ እርሱ የመጣው ስለ ሥላሴ ለመጠየቅ ሳይሆን ልጁን ለማትረፍ ነበር፤ የዳነ ልጅ ደግሞ ለመምህሩ ትምህርት ምስክር ይመስላል። የሼኹ ክታብ፣ በመንፈስ የሚናገረው ሰው ከበሮና የማሳያ መርፌ በአንድ በር ነው የገቡት፤ በበሽታ በር። ከሦስቱ ፈንጣጣን በእርግጥ የሚከላከለው ሦስተኛው ነበር፤ ይሁን እንጂ መርፌው ስለ ፈንጣጣ እንጂ ስለ ሮማው ጳጳስ ሥልጣን ምንም አያስረዳም። በጊቤ አገር ከብዙ አሥርት ዓመታት ሥራ በኋላ የቀረው የካቶሊክ ምእመን ቁጥር ጥቂት መሆኑ የአገሩ ሰው ይህን ልዩነት በሚገባ እንደለየ ያሳያል። ክትባቱን ተቀብሎ ሃይማኖቱን ለራሱ ጠበቀ።

ማሳያ በስተርጅና የጻፈው የ35 ዓመት የሚሲዮን ትዝታው ከ1885 እስከ 1895 በ12 ቅጽ ታትሟል። ስለ 19ኛው መቶ ዘመን ጊቤ ያለ እርሱ መጻፍ ያስቸግራል፤ እርሱን አምኖ መጻፍ ደግሞ ያሳስታል። በመጽሐፉ ውስጥ ሙስሊሙ መምህር ተንኮለኛ፣ ነጋዴው ባሪያ ፈንጋይ፣ ኦሮሞው የዋህ ሆኖ ይሳላል። ባሪያ ንግዱ እውነት ነው፤ ሂርማታ ባሪያ ከሚሸጥባቸው ትልልቅ ገበያዎች አንዱ ነበር፤ ቁርኣን የሚያስተምረው ነጋዴም ብዙ ጊዜ ባሪያ ነጋዴ ነበር። የጅማን እስልምና ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህን ምዕራፍ ቶሎ ማለፍ ይወዳሉ። ነገር ግን ማሳያ የሚወነጅለው ተፎካካሪውን መሆኑም አይረሳም። በ1939 ደግሞ የፋሺስት ጣሊያን «አቡነ መስያስ» በሚል ርእስ ፊልም ሠርታለት በቬኒስ የሙሶሊኒን ዋንጫ ተሸልሟል። ሰውየው ከሞተ 50 ዓመት ሆኖት ነበር፤ ቃሉን ግን ወራሪ መንግሥት ለራሱ ጉዳይ አዋለው።

ጅማ የእስልምና ትምህርት አገር ሆና የታወቀችው በአባ ጅፋር ዳግማዊ ዘመን (1878–1932) ነው። አባ ጅፋር በነገሡበት ዓመት ወሎ ውስጥ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ተደረገ፤ ዐፄ ዮሐንስ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። ቤቱን ጥሎ የወጣው ዓሊም፣ ደረሳ (ተማሪ) እና ነጋዴ በየአቅጣጫው ተበተነ፤ ጅማ ከተቀበሉት አገሮች አንዷ ነበረች። አባ ጅፋር ደግሞ ብልህ ንጉሥ ነበሩ። ከእናታቸው ከገኔ ጉሚቲ ምክር ጋር ለምኒልክ ሳይዋጉ ገበሩ፤ ግብሩን በወቅቱ ከፈሉ፤ በዚህም አገራቸው ጎረቤቶቿ ካዩት ጥፋትና ከነፍጠኛ ሠፈራ ተረፈች፤ ሃይማኖቷንም ሳይነካባት ያዘች። በመካ ለሐጃጆች ማረፊያ ቤት አሠሩ። ሰሜን ላይ የጠበበው የቂርአት ቤት ጅማ ላይ ሰፋ።

ይህ ስደት በጅማ መምህር የሚመዘንበትን ሚዛን ለወጠ። ቀድሞ ማንበብ የሚችል ነጋዴ ሁሉ መምህር ነበር። አሁን ግን የፊቅህ መጻሕፍትን በየተራ የቀራ፣ ከማን እንደቀራ የሚናገር፣ ኢጃዛ (የማስተማር ፈቃድ) ያለው ሰው መጣ። ደረሳው ሼኹን «ይህን ከማን ሰማህ» ብሎ የመጠየቅ መብት አለው፤ መልሱም የስም ሰንሰለት ነው። ሰንሰለቱ ሐሰት ሊሆን ይችላል፤ ይሁንና ሐሰትነቱ ሊመረመር ይችላል፤ ከመንፈስ ሰማሁ ከሚል ሰው ቃል የሚለየው በዚህ ነው።

ስለ ተአምርም ዓሊሞቹ የራሳቸው መለኪያ ነበራቸው። የነቢይ ተአምር ሙዕጂዛ፣ የወሊይ ከራማ፣ በጠማማ ሰው እጅ የሚታይ ድንቅ ነገር ኢስቲድራጅ ይባላል፤ ድግምት ደግሞ ሲሕር ነው። የሚታየው ድርጊት በአራቱም ላይ አንድ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ድርጊቱ የሰውየውን ቅድስና አያረጋግጥም፤ ይልቁንም ሶላቱ፣ ገንዘቡ፣ ከሰው ሚስትና ከሰው መሬት ያለው ግንኙነት ታይቶ ነው ድርጊቱ ስም የሚያገኘው። ይህ ክፍፍል ማንኛውም የዘመኑ ተጠራጣሪ ከሚያቀርበው ጥያቄ ብዙም አይለይም። ችግሩ በኪታብ ውስጥ እንጂ በዚያራ (በወሊይ መቃብር ጉብኝት) ቀን የማይታወስ መሆኑ ነው። በእግሩ ጎርፍ ተሻገረ፣ ጁምዓን መካ ሰግዶ ለምሳ ቤቱ ደረሰ፣ የእንግዳውን ሐሳብ ሳይነገረው አወቀ የሚሉት ወሬዎች ከሞሮኮ እስከ ህንድ ስለ ብዙ አውሊያ ይነገራሉ። አንድ ታሪክ በመቶ ሰው ስም ሲነገር ስለ ሰውየው ሳይሆን ሰው ከወሊይ ምን እንደሚጠብቅ ነው የሚያስተምረው።

በጅማ ምድር ከሱፊ መንገዶች (ጠሪቃዎች) ቃዲርያና ሳማንያ ቀድመው የመጡ ናቸው። ከሁሉ ይልቅ አገሩን የያዘው ግን ቲጃንያ ነው፤ የሚያነሣው የይገባኛል ቃልም ከሁሉ የገዘፈ ነው። መሥራቹ አሕመድ አል-ቲጃኒ በአልጄሪያ ዓይን ማዲ ተወልደው በ1815 በፌዝ ሞቱ። እንደ ተከታዮቻቸው እምነት በ1782 አካባቢ ነቢዩ ሙሐመድ በሕልም ሳይሆን በእውን ተገልጠውላቸው ዚክሩን ራሳቸው አስተማሯቸው። ይህ ቃል ትርጉሙ ግልጽ ነው። ሌሎች ጠሪቃዎች አብዛኛውን ጊዜ በሰው ሰንሰለት ወደ ነቢዩ ይወጣሉ፤ ቲጃንያ ሰንሰለቱን በአንድ ዝላይ አሳጠረው። በዚያውም የሚመረመረውን ነገር አስወገደ። አል-ቲጃኒ «የአውሊያ መደምደሚያ» ናቸው መባሉም እንዲሁ ነው፤ ከእርሳቸው 600 ዓመት ገደማ በፊት በአንዳሉሱ ኢብን ዐረቢ ስም ተመሳሳይ ማዕረግ ተነሥቶ ነበር፤ መደምደሚያ ሁለት ጊዜ ሲነገር የሁለተኛው ተከታዮች ማስረዳት ይኖርባቸዋል።

ብዙ ክርክር ያስነሣው ሌላው ነጥብ «ሶላት አል-ፋቲሕ» የተባለው አጭር የነቢዩ ሶለዋት ነው። በቲጃንያ መጻሕፍት ይህን አንድ ጊዜ ማለት ቁርኣንን በሺዎች ጊዜ ከመቅራት ጋር ተነጻጽሯል። በሰሜንና በምዕራብ አፍሪካ በ20ኛው መቶ ዘመን የተነሡ ተቺዎች ከሁሉ በላይ የያዙት ይህን ነው፤ ማሊ ተወልዶ መዲና ያስተማረው ዐብዱ-ረሕማን አል-ኢፍሪቂ ራሱ ቲጃኒ የነበረ ሰው ሲሆን መንገዱን ትቶ በመጽሐፍ ተቃወመው። የቲጃንያ ዓሊሞች ደግሞ ንጽጽሩ ትርፉን እንጂ የቁርኣንን ክብር አይመለከትም ብለው ይመልሳሉ። መልሱ ለሊቃውንት ይበቃ ይሆናል። ቁርኣን ቀርቶ ለመጨረስ ዓመታት የሚፈጅበት ገበሬ ግን ልዩነቱን እንዲህ አጥርቶ መስማቱ ያጠራጥራል።

ቲጃንያ ሌላም ሕግ አለው፤ ሙሪዱ (ተከታዩ) ሌላ ጠሪቃ ይተዋል፣ የሌላ ጠሪቃ ወሊይም አይዘይርም። ሕጉን ከውጭ ሆኖ ለሚያየው ሰው ጥቅሙ ለድርጅቱ ነው፤ ተከታይ እንዳይሸሽ ያጥራል። የየዕለቱ «ወዚፋ» ደግሞ ተከታዩን በአንድ ላይ ያስቀምጣል፤ ነጭ ጨርቅ መሐል ይነጠፋል፣ «ጀውሐረት አል-ከማል» 12 ጊዜ ይባላል፤ በሰባተኛው ላይ ነቢዩና አራቱ ኸሊፋዎች ይገኛሉ ተብሎ ይታመናል። ቡናው በተፈላበት፣ ጫቱ በተዘረጋበት፣ ጢሱ በሚጤስበት የጅማ ቤት ይህ ሥርዓት ወዳጃ ከሚባለው ከቀድሞው የጋራ ጸሎት ጋር ተስማማ። ቡናም ቢሆን ከሱፊዎች ጋር የቆየ ወዳጅነት አለው፤ በ15ኛው መቶ ዘመን የመን ውስጥ ለሌሊት ዚክር እንቅልፍ ማባረሪያ ያደረጉት እነርሱ ናቸው።

ቲጃንያን በምዕራብ ኢትዮጵያ ያስፋፋው ትልቁ ስም አል-ፋኪ አሕመድ ዑመር ነው። ከቦርኑ፣ ከዛሬዋ ናይጄሪያ ተነሥቶ በሱዳን በኩል መጣ፤ በ1953 ሞቶ በቤንሻንጉል በኩል ያዓ በተባለ ስፍራ ተቀበረ። ከጅማና ከአካባቢዋ ብዙ ሕዝብ ወደ ያዓ ለዚያራ ይጓዛል። ጃፓናዊቷ ተመራማሪ ሚናኮ ኢሺሃራ ስለ እርሱ የሚነገረውን ከተከታዮቹ ሰብስባ ጽፋለች። ከዚህ የሚታየው አንድ ነገር አለ። የሕይወት ታሪኩ የተጠበቀው በሙሪዶች አፍና በሙሪዶች ጽሑፍ ነው፤ ስለዚህ መንገደኛው፣ ስደተኛው፣ ከባለሥልጣን ጋር የተጋጨው ሰው ከወሊዩ ጀርባ ይደበቃል። ከምዕራብ አፍሪካ ወደ መካ የሚሄዱ ሐጃጆች ሱዳን ላይ ሥራ እየሠሩ ዓመታት መቆየታቸው፣ ብዙዎቹም እዚያው መቅረታቸው የታወቀ ነው፤ በሱዳን «ፋኪ» ማለት ቁርኣን የሚያስቀራ፣ ክታብ የሚጽፍ ሰው ነው። አል-ፋኪ አሕመድ ከዚህ ትልቅ የሰው ጉዞ አንዱ ነበር። ከራማውን የሚያምንም የማያምንም ይህን ያህል ታሪክ ሊቀበል ይችላል፤ ከቦርኑ የተነሣ ባዕድ ሰው በማያውቀው ሕዝብ ቋንቋና ልማድ መካከል ገብቶ ያን ያህል ተከታይ ማፍራቱም ያለ ምንም ተአምር የሚደነቅ ሥራ ነው።

በ1936 ጣሊያን ሲገባ ጅማ የጋላና ሲዳሞ አገረ ገዥነት ዋና ከተማ ሆነች፤ የዛሬው ከተማም ከጅሬን ኮረብታ ሥር በሂርማታ ዙሪያ ያደገው ያኔ ነው። ጣሊያን መስጊድ አሠራ፣ ዓረብኛ አስተማረ፣ ሐጅ አመቻቸ። ለእስልምና ካለው ፍቅር አልነበረም፤ የኦርቶዶክስን መንግሥት ለማዳከም ነበር። ፕሮቴስታንቶቹ የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች በበኩላቸው በ1927 መጨረሻ ሲመጡ ጅማን አስበው ነበር፤ በመንገድ የደቡብ ገዥዎች ተቀበሏቸውና ወላይታና ሲዳሞ ቀሩ። የዚያን ሁሉ የደቡብ ኢትዮጵያ የወንጌላውያን ታሪክ የእግዚአብሔር ምሪት ነው የሚሉ አሉ፤ በሰነዱ ላይ የሚታየው የገዥዎቹ መልካም ፈቃድ ነው።

ከ1991 በኋላ ሐጅና የውጭ ትምህርት ሲከፈት ሰለፊ የሚባለው የተውሂድ ሰባኪ በጅማና በአጋሮ በረታ። ወዳጃውን፣ ዚያራውን፣ መውሊዱን «ቢድዓ» (በሃይማኖት ላይ የተጨመረ ፈጠራ) ወይም «ሽርክ» (በአምላክ ላይ ማጋራት) አለ። ትችቱ በከፊል የቀደሙት ፊቅህ ዓሊሞች ያሉት ነው። ልዩነቱ በሥልጣኑ ምንጭ ላይ ነው፤ የቀድሞው ዓሊም በመምህሩ ሰንሰለት ይቆማል፣ አዲሱ ሰባኪ ግን ሰንሰለቱን አልፎ በቀጥታ ከቁርኣንና ከሐዲስ እናገራለሁ ይላል። ቲጃኒው በራእይ የዘለለውን ሰንሰለት ሰለፊው በንባብ ዘለለው፤ ሁለቱም ይህ ሲባልባቸው አይወዱም።

ነገሩ ወደ ደም የደረሰው በሌላ በኩል ነው። በ2006 የመስቀል በዓል ሰሞን በጎማ በሻሻና በአካባቢው በሙስሊሞችና በክርስቲያኖች መካከል ግጭት ተነሥቶ ብዙ ሰው ሞተ። በመጋቢት 2011 ደግሞ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው በሌላዋ አሰንዳቦ ቁርኣን ተዋረደ የሚል ወሬ ተነሣ፤ በወቅቱ እንደተዘገበው ከ50 በላይ የፕሮቴስታንት አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ሺዎች ተፈናቀሉ። መንግሥት «ከዋርጃ» የተባለውን ቡድን ጥፋተኛ አደረገ። ስሙ «ኸዋሪጅ» ከሚለው የመጣ ነው፤ በ657 ከሲፊን ጦርነት በኋላ ከዐሊ የተለዩት፣ ከባድ ኃጢአት የሠራን ሙስሊም ከሃዲ ነው ያሉት ሰዎች ስም። በጎማና በአጋሮ በኩል በዚህ ስም የተጠሩት ሰዎች የመንግሥት መታወቂያ አንይዝም፣ ግብር አንከፍልም ይላሉ ተብለው ይከሰሱ ነበር። ሌላውን ሙስሊም ከሃዲ የሚል ቡድን በእስልምና ሊቃውንት ዘንድ ከጥንት የተነቀፈ ነው፤ ነቀፋውም ተገቢ ነው። ግን የወሬውን እውነትነት ሳያጣራ ቤት ያቃጠለው ሕዝብ ሁሉ የአንድ ጥቂት ቡድን ተከታይ ነው ማለት ለመንግሥትም ለጎረቤትም የቀለለ መልስ ነበር።

በዚያው ዓመት መንግሥትና የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤቱ (መጅሊሱ) ለዚህ መድኃኒት ብለው የአሕባሽን ትምህርት በሥልጠና ማሰራጨት ጀመሩ። የአሕባሽ መምህር ሼኽ ዐብደላ አል-ሐረሪ ሐረር ተወልደው ከ1950 ጀምሮ ቤይሩት የኖሩ፣ በ2008 የሞቱ ዓሊም ናቸው። ትምህርቱ ትክክል ይሁን ስሕተት ብዙ ሰው ለመመርመር ጊዜ አልነበረውም፤ መንግሥት ያመጣው መሆኑ ብቻ ለተቃውሞ በቃ፤ በጥር 2012 በአዲስ አበባ አወሊያ ትምህርት ቤት የተጀመረው የጁምዓ ተቃውሞ ጅማንም ጨምሮ ወደ ብዙ ከተሞች ተዳረሰ። አባ ቦካ መስጊድ ይሠራ ሲል ተሠርቷል፤ በ2011 የወጣው ትእዛዝ ግን መስጊዱን በተቃዋሚ ሞላው። «ከዋርጃ» የተባሉት ሰዎች በበኩላቸው ያን ስም ለራሳቸው አልተቀበሉትም፤ ያወጡላቸው ሌሎች ናቸው።